ዓርብ ዓርብ የተረጎምኩት የህንድ ፊልም

ድሬዳዋ በልጅነቴ ሲኒማ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ያመለጠኝ የህንድ ፊልም ግን አልነበረም። በጆሮዬ ነው ያየሁት። ሲኒማ ቤቱ ጣሪያ አልነበረውም፤ ሙቀቱ ሰው እንዳያፍን ይሆናል። መግቢያ የሌለን ልጆች ግንቡ ሥር ተርታውን ቁጭ እንልና ዘፈኑ በላያችን ሲያልፍ እንሰማለን። ኦሮሞው አለ፣ ሶማሌው አለ፣ ሐረሪው፣ የየመን ዓረቡ፣ እኛም አለን። የአማርኛ ዘፈን ሲሆን አንዱ ይገባዋል፣ ሌላው አይገባውም፤ የሶማልኛውም እንዲሁ። በህንዱ ጊዜ ግን ማንም ከማንም አይበልጥም ነበር። ለሁላችንም እኩል አይገባንም።

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቀን እንጠይቃለን። “ልጅቷ ወንድሟን አገኘችው? ሽፍታው ተያዘ?” አንዱ መጀመሪያውን ይነግረኛል፣ ሌላው መጨረሻውን፤ መሀል ላይ እንቅልፍ የወሰደው ደግሞ ያመለጠውን ከራሱ ይሞላልኛል። እኔ ሁሉንም እገጣጥምና በማግስቱ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ አወራዋለሁ። የዘፈኑ ቦታ ሲደርስ እዘፍነዋለሁ። ትርጉሙን አላውቅም እንጂ ቃሉ አንድም ሳይጎድል ይመጣልኝ ነበር። ባልዲ ይዘው የቆሙት ሴቶች “ወረፋሽን እንይዝልሻለን፣ ብቻ አንቺ ጨርሺው” ይሉኛል።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው። የሚማሩት ጓደኞቼ ግን ህንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበራቸው። አንድ ቀን ተሰብስበው ሄዱና “ቲቸር፣ ይሄ ዘፈን ምን ይላል?” ብለው እየዘፈኑ ጠየቁት። ሰውዬው ሰምቶ ሰምቶ “እኔ የዚያ ወገን ሰው አይደለሁም፤ በኛ አገር ቋንቋው ሌላ ነው፣ አይገባኝም” አላቸው። ተናደው መጡ። “ውሸታም ነው! ህንድ ሆኖ ህንድኛ አይችልም!” እኔ ሁልጊዜ ስለ ትምህርታቸው እቀናባቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ደስ አለኝ። ለካ አስተማሪውም እንደኔው ሳይገባው ነው የሚሰማው።

ጅቡቲ የገባሁት አሰብ ተዘግቶ የጭነት መኪና ሁሉ ወደዚህ የዞረ ሰሞን ነው። ባሌ ሞቶ ነበር፤ አንዲት ልጄን ይዤ በባቡር መጣሁ። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሠፈር አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ አዳሪ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ቤቱ ባሕሩ አጠገብ ነው፤ መስኮቱ ብዙ ስለሆነ ጨው የያዘው መስታወት ሲወለወል ይውላል። እየወለወልኩ የማዜመው የህንድ ዘፈን ነበር። የአማርኛ ዘፈን ሥራ ላይ አይሆንም። ቃሉ ይገባላ! እናት ይላል፣ አገር ይላል፣ ናፍቆት ይላል፤ እጅሽ መስታወቱ ላይ እንዳለ ቆመሽ ትቀሪያለሽ። የህንዱ ግን ከልጅነቴ ጋር አብሮኝ ያደገ ሆኖ፣ አንድም ቀን ስለ ምን እንደሚያወራ ነግሮኝ ስለማያውቅ፣ ሆዴን ሳይነካ ያሠራኛል።

ማዳም አንድ ቀን ቆማ ሰማችኝና “የአገርሽ ዘፈን ነው?” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት። ውሸት አልመሰለኝም።

ልጄ እዚሁ ጅቡቲ ወለደች። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጅቷ ከመወለዷ በፊት መንገድ ቀየረ። የእኔም ጉልበት ለደረጃ እምቢ ሲል ከሀራሙስ ወጥቼ ካርቲየ ስድስት የሚባል የድሃ ሠፈር አንዲት የጣውላና የቆርቆሮ ክፍል ተከራየሁ፤ በተመላላሽ ልብስ እያጠብኩ ሕፃኗን ያዝኩ። ሦስት ዓመት ሲሞላት ልጄ ለሥራ ቤይሩት ሄደች። ትንሿ ከኔ ጋር ቀረች። ከእኔ አማርኛ፣ ከትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ከሠፈር ሶማልኛ እየለቀመች አደገች። ስሜንም ከሠፈር ነው ያመጣችልኝ፤ “አየዮ” ትለኛለች፣ በሶማልኛ አያት ማለት ነው።

ልጄ ከቤይሩት መጀመሪያ የላከችው ቴሌቪዥንና ሲዲ ማጫወቻ መግዣ ነበር። ያ ዕቃ ቤት ከገባ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት ክፍሏ ትሞላለች። በየሰው ቤት አዳሪ የሆኑት ያገራችን ልጆች የዕረፍት ቀናቸው ነው። ነጠላ ጫማቸውን ደጅ ያወልቁና ምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ፤ ቬንቲሌተሩ የሚደርሰው ለፊተኞቹ ብቻ ስለሆነ በቦታ ይጣላሉ። እኔ ከማዕዘኑ ሱቅ አንድ የህንድ ፊልም ተከራይቼ አመጣለሁ።

የጅቡቲው የህንድ ፊልም ሶማልኛ የተነገረበት ነው። የሚናገረው ደግሞ አንድ ሰውዬ ነው፤ ጎረምሳውንም እሱ፣ ኮረዳዋንም እሱ፣ አማቲቱንም፣ ዳኛውንም እሱ። ቆንጆይቱ ከንፈሯን ስትከፍት የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ይወጣል። መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ አላቆም ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ይለመዳል። ዘፈን ሲመጣ ብቻ ሰውዬው ዝም ይላል። ዘፈኑን እንዳለ ይተወዋል።

ልጆቹ ፈረንሳይና ዓረብ ቤት ስለሚሠሩ ሶማልኛ አይሰሙም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሶማልኛ አይጠፋውም ይባላል፤ የኔ ግን የገበያው ነው። ዓሣው የዛሬ ነው? ቀንስልኝ፣ ይኸው ሄድኩ። ሰውዬው ደግሞ እንደ ጎርፍ ነው የሚወርደው። ቢሆንም “እማማ፣ ምን አለችው?” ሲሉኝ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ከሚወርደው የያዝኩትን እይዛለሁ፣ የቀረውን እንደ ቦኖ ውሃው ጊዜ ራሴ እገጣጥማለሁ። ማንም የተቀየመ አልነበረም።

ነገር የተለወጠው በትንሿ ነው። እናቷ በሄደች በመንፈቁ ይሆናል፤ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ስታይ አንዲት ሴት ሕፃኗን ሰው ደጃፍ አስቀምጣ እያለቀሰች ሄደች። ትንሿ ከቴሌቪዥኑ ዞራ እኔን አየችኝ።

“የት ሄደች?”

“ሥራ። ትመጣለች” አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በኔ ቤት የምትሞት እናት ጠፋች። ጎርፍ የወሰዳት፣ ማዶ ተሻግራ ሥራ ያዘች። እሳት የገባችው፣ በጓሮ በር ወጣች። ደም እየሳለች አልጋ ላይ የቀረችው ሐኪም ቤት ተቀጠረች። መጨረሻው ላይ ሁሉም ይመለሳሉ። መመለሳቸውንም ከልብሳቸው አሳያለሁ፤ መጨረሻ ላይ እናት ነጭ ለብሳ ስትመጣ “ይኸው፣ ለበዓል ደረሰች!” እላለሁ። ነጭ ያው የበዓል ልብስ አይደል? እዚህ ላይ ልጆቹ እልል ይላሉ።

ከደሴ ስለመጣች ደሴዋ የምንላት የሀራሙስ ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ምላሷ ስለት ነው። “እማማ፣ ህንድ አገር የሚሞት ሰው የለም እንዴ?” አለችኝ አንድ ዓርብ።

“ለምን አይኖርም? ሽፍታው ሞተ አይደል?”

“እሱንስ ምናለ ቤይሩት ቢልኩት!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ትንሿ ግን አልሳቀችም።

ልጄ የምትደውለው የምትሠራበት ቤት እመቤት ስትፈቅድላት ነው። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም በሁለት ወር። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በላሽ፣ ተማርሽ፣ አለቀ። ሲያልቅ ሁልጊዜ “ለፋሲካ እመጣለሁ” ትላለች፤ ፋሲካ ሲያልፍ እኔ “ለገና ትመጣለች” እላለሁ።

ትንሿ ስምንት ዓመቷ ነበር። ፊልሙ የእናትና የልጅ ነው። እናት ልጇን ወንዝ ዳር እያጠበች ትዘፍንለታለች። ከዚያ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ አጠገቧ ያለው መብራት ይጠፋል። ልጁ እየሮጠ ወጣ፤ እዚያው ዘፈን መሀል ሲሮጥ እግሩ ረዘመ፣ ጢም አወጣ፣ ጎረምሳ ሆነ። የህንድ ልጅ የሚያድገው ዘፈን ውስጥ ነው። ብዙ ተሰቃየ፣ ብዙ ተደባደበ። ሲደክመው ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ እናቱ ነጭ ለብሳ በጭስ መሀል መጣችና የወንዙን ዘፈን ዘፈነችለት።

“ይኸውላችሁ!” አልኩ። “ከሄደችበት መጣች፤ ለበዓል ደረሰች!”

እልልታው ሊጀመር ሲል ትንሿ “ሞታለች” አለች።

“ማን?”

“እናትየው። ሰውዬው ሞተች ነው ያለው። መብራቱ ሲጠፋ ነው የሞተችው። አሁን ልጁ በሐሳቡ ነው የሚያያት።” ቴሌቪዥኑን እንጂ እኔን አታይም። “ነጩም ለበዓል አይደለም። ቅድም አባትየው የሞተ ጊዜ አያቱ ቀለም ያለውን ልብስ አስወለቀቻት። እዚያ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ ነው የምትለብሰው። ብሎታል፣ ሰውዬው።”

ደሴዋ ናት መጀመሪያ አፏ የተፈታው። “ወይ ጉድ! ይሄን ሁሉ ዓመት እልልታችንን ለቅሶ ላይ ነው ያቀለጥነው?”

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን በሐሳቤ ድሬዳዋ ነበርኩ። እኛ ሐዘን ሲመጣ ጥቁር እንለብሳለን፤ ነጭ አይቶ ሐዘን የሚል ልብ ከየት ይምጣ? ከሲኒማው የወጡት ነጭ ለብሳ ነበር ያሉኝ ያ ሁሉ ሴት፣ የሠርግ እናት ያልኳት፣ ባሏ ከእስር የተፈታላት ያልኳት፣ ሁሏም ሐዘንተኛ ነበረች ማለት ነው።

ሁሉም ሲሄዱ ትንሿ ምንጣፉን ታጥፍ ነበር። አጥፋ ሳትጨርስ “እናቴስ?” አለችኝ።

“እናትሽ ምን?”

“ሞታለች?”

“ኧረ በስመ አብ! ደህና ናት! ባለፈው ወር አላናገረችሽም?”

“ድምፅ ነው የሰማሁት።”

“የማን ይሁን ታዲያ? የናትሽ ነዋ!”

“ቆንጆዋም አፏን ስትከፍት የሚሰማው የሰውዬው ነው።”

ይሄን ምን ትይዋለሽ? ፎቶ አወጣሁላት፤ ፎቶ የሞተ ሰውም አለው አለችኝ። ማልኩላት። “የነጩንስ ለምን ዋሸሽኝ?” አለች።

“ነጩን እውነት አላወቅሁም ነበር” አልኳት። “ሌላውን ግን አውቄ ነው።”

“የቱን?”

“የእናቶቹን።”

ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ምንም አልረሳችም። “ያቺ ጎርፉ የወሰዳት?” “ሞታለች።” “ሐኪም ቤት የተቀጠረችው?” “እሷም።” “ባቡር የተሳፈረችው?” “እሷን አላውቅም፤ የሰውዬው ቃል አልገባኝም።” “እሳት የገባችው?” “ሞታለች፣ ልጄ።” ስንት ዓመት ሳተርፍ የኖርኩትን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ቀበርኩ። ስንጨርስ “ቤይሩት ያለችውስ?” አለች።

“እሷ በሕይወት አለች።”

“ይሄን ነው እኮ ሁሌም የምትይው” አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ከዚያ ስልክ እምቢ አለች። ሲጠራ ተነስታ ደጅ ትወጣለች። ልጄ በወዲያ በኩል “እስቲ ስጪኝ” ትላለች፤ እኔ “ተኝታለች” እላለሁ፣ በሚቀጥለው “ሱቅ ልኬያታለሁ” እላለሁ። ልጄ የልጇን ድምፅ ለመስማት ስንት ሳምንት ጠብቃ እንደምትደውል አውቃለሁ። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ስል፣ ይቺ ልጅ እናቷን በቁሟ ልትቀብራት ነው፣ ቀባሪዋም እኔ ነኝ እያልኩ አስባለሁ። ስትተዋት እንደዚህ ቀስ እያለች ነው የምትተዋት፤ ነገ ብትመጣ እንኳ የማታውቃት ሴት ትሆንባታለች።

ሌላ የማውቀው መላ ስላልነበረኝ በፊልሙ ጀመርኩ። ዓርብ ሲደርስ “ከዛሬ ጀምሮ ተርጓሚዋ እሷ ናት” አልኳቸው። ትንሿ ከፊት ተቀመጠችና ሰውዬው ያለውን እንዳለ ትናገር ጀመር። ከሞተች ሞተች ነው። ካልተገናኙ አልተገናኙም። ምንም አትጨምርም።

ደሴዋ አላስችል አላት። “አንቺ ልጅ፣ እኛ ሳምንቱን ሙሉ የሰው መጸዳጃ ስንፈትግ ውለን ዓርብ ደግሞ ልታስለቅሺን ነው? እማማ፣ ኧረ እርስዎ ይመለሱ!”

“ሰውዬው ነው እንጂ እኔ አልገደልኳትም” አለች ትንሿ።

ሁለት ዓርብ ያህል ቤቱ ሳሳ። በሦስተኛው ደሴዋ ራሷ ሳምቡሳ ይዛ መጣች፤ “ደግሞ ዛሬ ማንን ቀበርሽ?” እያለች ገብታ ከፊት ተቀመጠች። ያን ቀን ዘፈን መጣ፤ ትንሿም እንደ ሰውዬው ዝም አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

“አየዮ፣ ዘፈኑ ምን ይላል?”

ልጅ ሆኜ ግንቡ ሥር ከሰማኋቸው አንዱ ነበር። ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናት ልጇን ስትጠራ ነው እላት ነበር።

“አላውቅም” አልኳት። “ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ስዘፍነው ኖሬ አላውቀውም።”

ትንሽ አየችኝና “እሺ” ብላ ዞረች።

ገና ሊደርስ ሲል ልጄ ደወለች፤ ትንሿ ትምህርት ቤት ነበረች። እየዋሸኋት መቆየቴን ነገርኳት፤ ሱቅም እንቅልፍም እንዳልነበረ፣ ልጇ ሞተሻል ብላ እንደምታስብ።

“ምን ልበላት፣ እማዬ?”

“እውነቱን ንገሪያት።”

“እውነቱ አያምርም። ውሉን ለሁለት ዓመት አድሼዋለሁ። ላንቺም አልነገርኩሽም።”

ቁጭ አልኩ። የኔ ልጅ መሆኗ ታየኝ፤ እሷም ለኔ ለፋሲካ እመጣለሁ እያለች ስትተርክልኝ ኖራለች። “ቢሆንም ንገሪያት” አልኳት። “እሑድ ከሰዓት ደውይ።”

እሑድ ደወለች። ትንሿ ልትወጣ ስትነሳ ስልኩን ድምፁን ከፍቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩትና “ሂጂ አልልሽም፣ ነይም አልልሽም” አልኳት። ደፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች።

“ልጄ” አለ ስልኩ። “ልጄ፣ እንደምትሰሚኝ አየዮሽ ነግራኛለች። ለገና አልመጣም። ለፋሲካም አልመጣም። የሚመጣውም ዓመት አልመጣም።”

ጀርባዋ ቀጥ ሲል አየሁ።

“ማን ከለከለሽ?” አለች፣ ሳትዞር።

“ማንም። ውል ፈረምኩ።”

“ማን ፈርሚ አለሽ?”

“እኔው ነኝ። ደመወዝ ስለጨመሩልኝ።”

“አየዮ ለገና ትመጣለች ብላ ነበር።”

“አየዮ ደግ ስለሆነች ነው። እኔ አልመጣም።”

ያን ጊዜ ተነስታ መጣችና ስልኩን አነሳችው። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “እዚያ ቤት ልጅ አለ?” አለች። “ስንት ዓመቷ ነው? . . . አንቺ ነሽ የምታጥቢያት? . . . አማርኛ ትችላለች?” መልሱን እኔ አልሰማሁም። አንዴ “ጥሩ” ስትል፣ አንዴ ደግሞ “እንደሱ አታድርጊላት” ስትል ሰማኋት። መስመሩ እስኪቆረጥ ሳታቋርጥ ጠየቀቻት።

ስልኩን መለሰችልኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

“እናቴ ናት” አለች።

“እንዴት አወቅሽ?”

“አንቺ የፈጠርሻት ብትሆን ኖሮ ትመጣ ነበር።”

ከዚያ አለቀሰች፣ ደህና አድርጋ። አይዞሽ አላልኳትም፤ ለመቼም ትመጣለች አላልኳትም። ሲበቃት ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ የትምህርት ቤት ደብተሯን አወጣችና ለሚቀጥለው ስልክ የምትጠይቃትን ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። በፈረንሳይኛ ነው የጻፈችው፤ ምን ምን እንደነበር አላውቅም።